ወደ ታች የሚያድጉት ኃላፊ

ሕግ አክባሪ ሰው ከአገር ጠፋ የሚል ካለ ሞጣ ይምጣና አቶ ይታገስን ይይ። አቶ ይታገስ የመንጃ ፈቃድ አመልካቾችን ዕድሜ የሚያጣራ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው። መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራውም፤ ስም መጥራት ሐሜት ይሆናል፣ እኔ ደግሞ የመጣሁት ለምስጋና ነው።

እሳቸው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው ለሥልጠና ተመዝግቦ አያውቅም። «ዕድሜ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ አይቀጠልም፣ አይቆረጥም» ይላሉ። በራሳቸው ዕድሜ ላይ ግን መጠነኛ ማስተካከያ አድርገዋል። ጡረታ ብቅ ባለ ቁጥር ምስክሮች አስከትለው ፍርድ ቤት ይሄዱና ጥቂት ዓመታት አራግፈው ይመለሳሉ። በዚህ ትጋታቸው ስድሳ አንድ ሊሞላቸው ሲገባ ዘንድሮ አርባ አምስት ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ ሲጋቡ በአሥር ዓመት ያንሷቸው ነበር። የፊተኛውን ጆሮ የኋለኛው ቀንድ በለጠው እንዲሉ፣ አሁን በስድስት ዓመት ይበልጧቸዋል። መብታቸውንም ዐውቀው «ታላቅህን አክብር እንጂ!» ማለት ጀምረዋል።

መስከረም ላይ ኢናስ የምትባል ልጅ ከአባቷ ከአቶ ሙሂዲን ጋር ቢሯቸው ገባች። አቶ ሙሂዲን የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሸቀጣቸውን በራሳቸው ፒክአፕ ቢቸና ድረስ ያመላልሳሉ። ዐይናቸው ግን እየከዳቸው ነው። በቅርቡ መንገድ ዳር የቆመ አህያ ሰው መስሏቸው መስኮት አውርደው የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቀውታል። ኢናስ አባቷ አንድ ቀን ሰውን አህያ ብለው እንዳያልፉበት ፈርታ መሪውን ልትረከብ ቆርጣለች። ክረምቱን ሙሉ የመንገድ ምልክት ስታጠና፣ ጎማ መቀየር ስትለማመድ ከርማ፣ የሕክምና ምርመራዋንም ጨርሳ ነው የመጣችው።

አቶ ይታገስ የልደት ቀኗን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ሳምንት ይጎድልሻል።»

«ጋሼ፣ ሥልጠናው ነገ ይጀምራል። ይህ ካመለጠኝ ቀጣዩ ዙር ከጥምቀት በኋላ ነው። እስከዚያ አባዬ መንዳቱን አይተውም።»

«ሕግ ሕግ ነው፣ ልጄ።»

አቶ ሙሂዲን ሳቁ። ከአቶ ይታገስ ጋር በወጣትነታቸው ደብረ ማርቆስ ወርደው በአንድ ቀን መንጃ ፈቃድ ያወጡ ወዳጆች ናቸው። «ይታገስ፣ ካራገፍከው ላይ አንድ ሳምንት ብታበድራት ምን አለ?»

«ቢሮ ውስጥ ነን፣ አቶ ሙሂዲን» አሉ አቶ ይታገስ ኮታቸውን እየቆለፉ። አባትና ልጅ ወጡ።

ኅዳር ላይ ከቢቸና ለልምድ ልውውጥ እንግዶች መጡ። አቶ ይታገስ መድረክ ላይ ወጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበራችሁ ባለድርሻ አካላት! ዕድሜን ማክበርና ቅድመ ዝግጅት ማድረግ ቁልፍ ጉዳይ ነው! እኔ ራሴ በመንጃ ፈቃድ ሠላሳ ሰባት ዓመት ስነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨሁም!»

ተጨበጨበ። ከእንግዶቹ መካከል ወይዘሮ ባንቺዓለም የተባሉ ሴት እጃቸውን አወጡ።

«ለመሆኑ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«አርባ አምስት።»

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በልቡ መቀነስ ጀመረ።

«እንግዲያው መንጃ ፈቃድ ያወጡት በስምንት ዓመትዎ ነው?»

አቶ ይታገስም ሒሳቡን ሠሩ። ስድሳ አንድ ነኝ ቢሉ ወንበሩ ሊሄድ፣ አርባ አምስት ነኝ ቢሉ መንጃ ፈቃዱ ሊሄድ ሆነ። ወንበሩ የበለጠ ይመቻል።

«አዎ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ቅድመ ዝግጅት ማለት ይኸው ነው!»

ጭብጨባው ከቅድሙ በለጠ። «በስምንት ዓመት የሚጀምር ቅድመ ዝግጅት» ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ተቀመረ፤ እንዲሰፋም አቅጣጫ ተቀመጠ። ምክትላቸው ሙሉአለም ይህን ሁሉ ሳይስቅ መዘገበ፤ ለዚህ ብቻ ሹመት ይገባው ነበር።

በታኅሣሥ አቶ ሙሂዲን ፒክአፑን ከነጨርቁ ቦይ ውስጥ ከተቱት። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ክንዳቸው ተሰበረ። ጥምቀት እንዳለፈ ኢናስ ብቻዋን መጣች።

«ዕድሜሽስ ሞልቷል» አሉ አቶ ይታገስ በሐዘኔታ። «ዝግጅትሽ ግን ዘገየ። በአዲሱ ተሞክሮ መሠረት በስምንት ዓመትሽ መጀመር ነበረብሽ። አሥር ዓመት ተዘጋጅተሽ ተመለሽ።»

ኢናስ በጨዋነት ልትለምን ነበር አመጣጧ። የአባቷ የታሰረ ክንድ ትዝ ሲላት ግን ልመናው ጠፋባት።

«ጋሼ፣ እኔ ወደ ላይ እየወጣሁ ነው፤ እርስዎ ወደ ታች እየወረዱ ነው። አሥር ዓመት ካቆዩኝ መንገድ ላይ እንገናኛለን። ያን ጊዜ ለማን ነው ቅድሚያ የሚሰጠው?»

በሩ ክፍት ነበር። ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ሳቁን መግታት አቃተው፤ ጥበቃው እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። አቶ ይታገስ ብዕር አንሥተው ቀና ሳይሉ ፈረሙላት። ኢናስ አመስግና እየሮጠች ወደ ሥልጠናው ሄደች።

ግርግሩ ሲበርድ አቶ ይታገስ በሩን ዘግተው ምክትላቸውን አስጠጉ።

«ሙሉአለም፣ እውነቱን ንገረኝ። ስንት ዓመት ቀረኝ?»

ሙሉአለም በትሕትና ጎንበስ አለ።

«ለጡረታ ነው ጌታዬ፣ ወይስ ለአሥራ ስምንት?»