ቀይ መብራትና ፕላስተር

መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው ብለው ያሳደጉን ሰዎች ሾፌር አያውቁም። የኔን መርዶ ሦስት ሾፌሮች በጠራራ ፀሐይ ይዘውልኝ መጡ። ቢቸና ካለው ቤታችን በር ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ተደረደሩ። ይህን አቋቋም ደግሞ አውቀዋለሁ። ስማቸው የሚባለው ባለቤቴ የአንድ ድርጅት የጭነት መኪኖች መካኒክ ነበር። መኪና የሰበረ ሾፌር ሁሉ አለቃው ዘንድ ከመሄዱ በፊት እኛ በር ላይ እንዲህ ይቆማል።

«ደግሞ ዛሬ ምን ሰበራችሁ?» አልኳቸው።

ይበልጣል የሚባለው መሬት መሬት እያየ፣ «እትዬ፣ ጋሼ ሞጣ ላይ…» ብሎ ቀረ።

«እሱማ ሞጣ ነው። የናንተን ጉድ ሊጠግን!»

ይበልጣል ማልቀስ ጀመረ። ሾፌር ለተሰበረ መኪና አያለቅስም። ያኔ ገባኝ።

ይህን የምጽፈው እንዳልረሳው ነው። ስማቸውን ለማስታወስ ደግሞ ስለ መኪና ማውራት ግድ ነው፤ እሱ ሌላ ወሬ መች ነበረው? ዕድሜ ልኳን አማርኛ ያስተማረች ሴት ስለ ፍሪሲዮን አውቃለሁ ብትል ማን ያምናታል? ግን አውቃለሁ። የገዛ መኪናውን የሚነዳ ሰው ጉድጓድ ሲያይ ነፍሰ ጡር እንደጫነ ቀስ ይላል። የድርጅት መኪና የያዘ ግን ጉድጓድ የሚቆጥረው ካለፈው በኋላ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባል የለ? ድርጅት የሚባለውን ባለቤት ደግሞ ማን አይቶት ያውቃል?

ይበልጣል ከቢቸና ሞጣ ድረስ ግራ እግሩን ከፍሪሲዮን ፔዳል ላይ አያነሳም። የእግር ማሳረፊያ አድርጎታል። ተቃጥሎ ሲሸት ታዲያ፣ «ጋሼ፣ ይኼ የገበሬ ማሳ ተቃጥሎ ነው» አለው አሉ። አንማው ደግሞ ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን አውጥቶ ፎሌ ይለቀዋል። ነዳጅ መቆጠቡ ነው። ያን ሁሉ ጭነት የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ይሆናል፤ የፍሬን ሸራው ሞጣ ሳይደርስ ያልቃል።

ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «በራሱ ነው።» ስማቸው በዚህ ቃል ይታመም ነበር። «ብረት በራሱ አይሰበርም! አንድ ሾፌር ‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት› ሲል ሰምቼ ልሙት» ይል ነበር። ሳይሰማ ሞተ።

ሦስተኛው ሰይድ ነው። የሞጣ ልጅ፣ የነጋዴ ቤተሰብ፣ ጨዋ። መኪናው ዘይት ሲጎድልበት ከመሪው ፊት ቀይ መብራት በራ። ሰይድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዓይኔን አስቸገረኝ ብሎ ፕላስተር ለጠፈበት! የቁስል ፕላስተር። ሁለት ቀን በሰላም ነዳ። በሦስተኛው ቀን ሞጣ መግቢያ ላይ ሞተሩ ደርቆ ቀጥ አለ። ስማቸው እሱን ሊጠግን ሄዶ ነው፣ መኪናው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃ ስጡኝ እንዳለ የቀረው።

በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ ታዲያ ጉድ ታየ። ይበልጣል አጠገቤ ተንበርክኮ፣ «እትዬ፣ ፍሪሲዮኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለኝ። አንማው ተከተለ። ፍሬኑን የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼን በድካም የገደልኩት እኔ ነኝ እያለ ደረቱን መታ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አልቃሿ እንኳ ግራ ገብቷት ሙሾዋን አቋረጠች።

በመጨረሻ ሰይድ መጣ። «እትዬ፣ ያ ፕላስተር ባይኖር ጋሼ ያን ቀን ሞጣ አይመጡም ነበር። ይቅር ይበሉኝ። አለዚያ ሁለተኛ መሪ አልጨብጥም።»

ዝም አልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሐዘንተኛ የሚጠላው ሰው ሲያገኝ ትንሽ ያርፋል። አርባው እስኪወጣ ይቅር አላልኩትም። ሰይድም ቃሉን ጠብቆ ከመኪናው ወረደና አባቱ ሱቅ ጨርቅ ይለካ ጀመር። ለመኪናውስ እፎይታ ነበር።

ግን የማውቀው ነገር አለ። ስማቸው ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት የጤና ጣቢያዋ ነርስ የደም ግፊቱን ለክታ ደንግጣ ነበር። ኪኒን ሰጠችው፣ ቀጠሮ ጻፈችለት። እኔ ኮቱን ላጥብ ስል ኪኒኑን ከነማሸጊያው፣ የቀጠሮውን ወረቀት ቀኑ አልፎበት ኪሱ ውስጥ አገኘሁ። ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ድካም ነው፤ በራሱ ይለቃል።»

በራሱ!

እኔስ ምን አደረግሁ? ኩርፊያውን ፈርቼ ወረቀቱን አጥፌ ኪሱ መለስኩት። ሰይድ እንኳ ለፕላስተሩ ወጪ አውጥቷል። እኔ በነጻ ሸፈንኩት።

በአርባው ማግስት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞጣ ወረድኩ። ሰይድን ከሱቅ አስጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። ካጠፋህ እኔም አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አንተም በለኝ አልኩት። ሜትሩን እየጠቀለለ፣ «እትዬ፣ ቢነግሯቸውስ ጋሼ ይሰሙ ነበር?» አለኝ።

«አይሰማም ነበር» አልኩት።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አለቀስን። በሳምንቱ ወደ መኪናው ተመለሰ።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ነፍስ ይማር በሉልኝ። የባለቤቴ የክርስትና ስም ገብረ ሚካኤል ነው። ጸሎታችሁ ግን አጭር ይሁን። ነገር ሲረዝምበት መፍቻውን አንስቶ ውልቅ የሚል ሰው ነበር።