ጋሽ መኩሪያ የተጣበቡበት ፍላሽ

እኛ ሰዎች ባዶ ቦታ ስናይ ያመናል። ከአዳማ ሞጆ በሚኒባስ የተመላለሳችሁ ታውቁታላችሁ። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ካልተሰካ መኪናው የሚነሳ አይመስለንም፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል በሆዳችን እየረገምነው እንጠጋለን። የገበያ ዘንቢላችንም ውስጥ በጎመኑና በዳቦው መሀል ጣት የምታስገባ ክፍተት ከቀረች ሎሚ እንወትፍባታለን። ይሁን። የተጣበበ ሰው ሞጆ ሲደርስ ወርዶ ይፍታታል። እኔን ያንገበገበኝ ወርዶ መፍታታት በማይችል ሰው ላይ የተሠራው ሥራ ነው።

ሰውየው ጋሽ መኩሪያ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የጎረቤቴ የእትዬ አስካለ ባል ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ወንጂ በስኳር ሥራ ጨርሰው እዚህ አዳማ ያረፉ። በእኔና በእትዬ አስካለ ቤት መሀል ያለችው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነች፣ ፈልጌ ሳይሆን ተገድጄ ብዙ ነገር አውቃለሁ። ለምሳሌ ጋሽ መኩሪያ ፎቶ ሲነሱ ፖሊስ እንደያዘው ሰው ድርቅ ይሉ እንደነበር አውቃለሁ። ሲስቁ፣ ሲናገሩ፣ ትከሻቸውን ሲሰብቁ የሚታዩት በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ በልጃቸው በመሠረት ሠርግ ዲቪዲ። እትዬ አስካለ ሲከፋት እሱን ትከፍታለች። ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ሲመጣ እኔ ራሴ «ደህና አመሹ ጋሼ» ልል ይቃጣኛል።

ታዲያ ማጫወቻው ተበላሸ። የመሠረት ባል ገመቹ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ፊልም ሲያይ ማር እንዳየ ንብ ነው። «ወደ ፍላሽ አስገለብጠዋለሁ፣ በአዲሱ ቴሌቪዥን ያዩታል» ብሎ ዲስኩን ወሰደ። ጥሩ። ቪዲዮ ቤት ሄዶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሠርጉን አሳንስልኝና የተረፈውን ቦታ ፊልም ሙላበት!» ባለ ቪዲዮ ቤቱ በረከት «ይደበዝዝብሃል» ብሎት ነበር አሉ። የእኛው ሰው ግን ቦታ ከሚተርፍ አማቱ ቢደበዝዙ መረጠ።

እሁድ ተሰብስበን ከፈትነው። ቴሌቪዥኑ እንደ ቁምሳጥን የሰፋ ነው፤ ስፋቱ ጉዱን አወጣው እንጂ አልጠቀመም። ሙሽራዋ የተንጠለጠለ መጋረጃ መስላለች። ጋሽ መኩሪያ እስክስታ ሊወርዱ ብቅ ሲሉ በፊታቸው ምትክ ቡናማ ቡናማ ካሬ፣ የተበተነ ንጣፍ። የመሠረት ልጅ ጣቷን ቀስራ «አያቴ የቱ ነው?» አለች። አያቷን አይታቸው አታውቅም።

እትዬ አስካለ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። እኔ ግን ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«ዲስኩ የታለ?» አልኩት ገመቹን።

«ምን ያደርጋል? ወደ ፍላሽ ገብቷልኮ። ለቶለሳ ሰጠሁት።»

ቶለሳ ወንድሙ ነው፤ ከሞጆ ወዲያ ዓለም ጤና ላይ ቲማቲም ያለማል። ቲማቲም አልሚ የሠርግ ዲስክ ምን ይሠራለታል አትሉም? በሲባጎ አንጠልጥሎ ወፍ ያባርርበታል! ፀሐይ ሲያርፍበት ይብለጨለጫል፣ ወፍም ይደነግጣል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ የሰውየው ብቸኛ ሳቅ ቲማቲም ሲጠብቅ!

በማግስቱ እትዬ አስካለን ይዤ ዓለም ጤና ወረድኩ፤ በሚኒባስ፣ ለሦስት በተሠራው ወንበር አራት ሆነን። ቶለሳ «አካም ጅርቱ፣ እናቶቼ!» ብሎ ተቀበለን። ከማሳው በላይ ዲስኮች ተንጠልጥለው ይሽከረከራሉ፤ ላያቸው ላይ የነበረውን ሥዕል የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ልሶታል። አንገታችንን አንጋጠን አንድ በአንድ ስናይ፣ አንዷ ላይ የመሠረት ቬሎ ጫፍ ብቻ ቀርታ አገኘናት።

«እሷን ልትወስዱብኝ ነው?» አለ ቶለሳ። «ከሁሉም የምትጠብቅልኝኮ እሷ ናት! ሙሽራዋን ወፍ አይደፍራትም።»

«ወፉስ አወቀ» አለች እትዬ አስካለ፣ «የማያውቀው ወንድምህ ነው።» ዲስኩን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

አዳማ ተመልሰን ቪዲዮ ቤቱ ስንገባ በረከት ዲስኩን አይቶ ፊቱን አጨማደደ። በሳሙና አጥቦ፣ ከመሀል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ ወለወለው። እስኪነበብ ስንጠብቅ እንዲህ አስረዳን፦ ምስል ሲያሳንሱት ከእያንዳንዱ ፊት ላይ ትንሽ ትንሽ እየተነሳ ይጣላል፤ በኋላ ቴሌቪዥኑን የፈለጋችሁትን ያህል ብታሰፉ የተጣለው አይመለስም። እንዳለ የተገለበጠ ግን እንዳለ ይኖራል። «ቦታ ይፈጃል እንጂ» አለ።

«ይፍጅ!» አልን በአንድ አፍ።

ዲስኩ ተንተባተበ፣ ቆመ፣ እንደገና ተነሳ። ኬክ የተቆረሰበት ፈጽሞ ጠፍቷል፤ ሚዜዎቹም ግማሽ ግማሽ ናቸው። ኬኩን በልተነዋል፣ ሚዜዎቹንም በየመንገዱ እናገኛቸዋለን። ጋሽ መኩሪያ ግን ወጡ። ቤት ወስደን ስንከፍተው ላብ ግንባራቸው ላይ ያበራል፣ ጥርሳቸው ይቆጠራል። እትዬ አስካለ ተጠግታ አንገታቸው ሥር ጣቷን አሳረፈች። ኮሌታቸው ላይ አንዲት መርፌ ቁልፍ ታብለጨልጫለች።

«ሊወጣ ሲል አዝራሩ ተበጠሰና እኔ ነኝ በዚህች የያዝኩለት» አለች። «"ሰው ያያል" ሲለኝ "ማን ልብ ይልሃል" አልኩት።» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። የልጅ ልጇም ሳይነግሯት «አያቴ እሱ ነው» አለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገመቹ ምን ሲያይ ነበር መሰላችሁ? ፍላሹን። «እማማ፣ ግማሹ ባዶ ነውኮ» አለ፣ ሆዱን እንደቆረጠው ሰው። «እሳቸውን ሳንነካ አንድ ሁለት ፊልም ብንጨምርበት...»

እትዬ አስካለ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አላነሳችም። «ስማ ልጄ፣ እሱ ከእኔና ከአምስት ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ተጣቦ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። አሁን እንኳን ይንሰራፋበት።»

ገመቹ አፍሮ ፍላሹን ተወ። ትንሽ ቆይቶ ግን እኔና እትዬ አስካለ ወደተቀመጥንበት ሶፋ መጣና በመሀላችን ያለችውን ስንዝር የማትሞላ ክፍተት ትኩር ብሎ አያት።

«እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ» አለ።

ምን እናድርግ። ጠጋ አልን።