የክቡር ፔኒያሚና የሪህ ኪኒን

ሳይማር ሐኪም የሆነ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። በሳቫይ ደሴት ለማሲና ቤተሰብ ይህን ማዕረግ የያዙት ታላቅ ወንድሟ፣ ክቡር ፔኒያሚና ነበሩ።

ያስተማራቸው የገዛ እግራቸው አውራ ጣት ነው። ሪህ ሲነሳባቸው በየቀኑ የሚዋጠውን ኪኒን በእጥፍ ይውጣሉ፤ ሲሻላቸው እርግፍ አድርገው ይተዉታል። «ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ የሚዘረጋ ሞኝ ነው» ይላሉ። አንዴ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ደራርበው ውጠው፣ መዘምራን እየመሩ ሳለ ሆዳቸውን ይዘው ሲሮጡ ምእመኑ መንፈስ የወረደባቸው መስሎት አጨበጨበ።

«ኪኒኑ ሠራ ማለት ነው» አሉ ሲመለሱ።

ታዲያ ከአንድ የአሳማ ጥብስ ግብዣ ማግስት የማሲና ባል የላፎጋ የእግር አውራ ጣት ቀልቶ አበጠ። አንሶላ ሲነካው ይጮኻል። ክቡርነታቸው ደረሱ።

«የኔን ዋጥ፤ ያው ሪህ ነው።»

«ጋሼ፣ ሐኪም ይየው እንጂ!» አለች ማሲና።

«እኔ ማን ነኝ ታዲያ?»

ላፎጋ የሚስቱን ታላቅ እምቢ ማለት ነውር ሆነበትና ለሳምንታት ዋጠ። ከዚያ ሰውነቱ ሽፍ አለ፤ ትኩሳት ያዘው፤ አፉ ቆሰለ። ፔኒያሚና «በሽታው እየወጣ ነው፤ ጨምርበት» ሲሉ ማሲና ባሏን በጎረቤት ፒክአፕ ጭና ሆስፒታል ወሰደችው። እሳቸውም ሳይጠሩ ከኋላ ተሳፈሩ።

«ምን መድኃኒት ወሰዱ?» አለች ነርሷ።

ላፎጋ አማቹን ላለማሳጣት «ምንም» አለ።

ማሲና አፏን ሳትከፍት ፔኒያሚና እያነከሱ ቀረቡ። በዕድሜያቸው «ተሳሳትኩ» ብለው የማያውቁት ሰው ኪኒናቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ውሸቱን ነው። እኔ ነኝ የሰጠሁት። ይኸው።»

ነርሷ ኪኒኑን አየች። «እንኳን ነገሩን። ከአሁን ወዲያ እንዳይነካው! ሽፍታው እንደታየ ማቆምና መምጣት ነበር፤ አንዳንዱን ሰው ይገድላል። ለእርስዎ የታዘዘው ደምዎና ኩላሊትዎ ታይቶ ነው፤ ለእሱ ማን አየለት?»



ላፎጋ ከብዙ ጭንቅ በኋላ ድኖ ቤቱ ገባ። ማሲና ግን ወንድሟን «ዓይንህን እንዳላይ» አለቻቸው። እሳቸውም በየቀኑ እየመጡ ከደጅ፣ ከዛፉ ሥር ይቀመጡ ጀመር።

«ማነው ውጭ የሚያስለው?» አለ ላፎጋ።

«ሊገድልህ የነበረው።»

«አስገቢው እባክሽ። ቤቱ እኮ ጭር አለ።»

ማሲና ብዙ አጉረመረመች። ከዚያ ትልቁን ጎደሬ መርጣ ወጣችና ፊታቸው አስቀመጠች።

«ብላ» አለች። «ቆይቼ እሰድብሃለሁ።»