ዝገት ይሰለፋል እንዴ?

ሁሉአወቅ፦ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው።

ዝግታው፦ እኔም የማላውቅ ነኝ። ስለዚህ ላንብበው።

ሁሉአወቅ፦ አንተ አንብበህ እስክትጨርስ ቀለሙ ይደርቃል።

ዝግታው፦ [ጣቱን ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገረ] «ከመቀባቱ... በፊት... ብረቱ... ይድረቅ።» ብረቱ ይድረቅ ነው የሚለው ጋሼ።

ሁሉአወቅ፦ ብረት መቼ ረጥቦ ያውቃል? ገመድ ላይ የሚሰጣ ልብስ መሰለህ?

[ጠባብ ግቢ ነው። አንዲት ከፍ ያለች የአገር አቋራጭ መኪና ጎማዎቿ ወልቀው በአራት የብረት እግሮች ላይ ቆማለች። መኪናዋ የሁሉአወቅ ሚስት ንብረት ናት። ሚስትየዋ የእንስሳት ሐኪም በመሆኗ፣ ሌላ መኪና ወደማይወጣበት ዳገት ሁሉ የምትወጣው በዚችው ነው። አምና መርማሪዎቹ ከሥር የሚሸከማትን ብረት አይተው «ሻንሲዋ ዝጓል» ብለው በማስጠንቀቂያ አሳለፏት። ዘንድሮ ከወደቀች ሰሌዳዋ ይፈታል። ምርመራው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሚስት ለጋራዥ ልትሰጣት ቁልፉን ስታነሳ ባል «እኔ በሕይወት እያለሁ?» ብሎ ከእጇ ተቀበለ። እሷም እንግዲያው ካላለፈች ቁልፉን ሁለተኛ አታየውም ብላው ወደ ሥራዋ በእግሯ ሄደች።

ሰፈሩ ሁሉአወቅ ይለዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ስሙን እንደ ማዕረግ ይቀበለዋል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ወገቡን ስለሚያመው ሥራው ማዘዝ ብቻ ነው። ከመኪናዋ ሥር በጀርባው የተንጋለለው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም እየተባለ ዝግታው የሚል ስም ወጥቶለታል። በአርባ ዓመቱ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ የሳሙና ልባስ፣ የበር ማስታወቂያ፣ አሁን ደግሞ የቀለም ቆርቆሮ።]

ዝግታው፦ ጋሼ፣ እዚህ ሻንሲው ታች ቀዳዳ ነበረ። በስቱኮ ደፍነውታል። ማን ይሆን የደፈነው?

ሁሉአወቅ፦ [ደረቱን ነፋ አድርጎ] እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት። ውሃ እንዳይገባ።

ዝግታው፦ ከላይስ ቀዳዳ የለውም?

ሁሉአወቅ፦ ከላይማ ሞልቷል። እሱ ጋ እጅ አይደርስም።

ዝግታው፦ እንግዲያ ከላይ የገባው ውሃ በየት ይወጣል?

ሁሉአወቅ፦ ውሃ እንደ አንተ ነው እንዴ፣ በገባበት ሁሉ መውጫ የሚጠይቅ? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ።

ዝግታው፦ ልክፈተው?

ሁሉአወቅ፦ ክፈተው። ውስጡ ደረቅ መሆኑን በዓይንህ አይተህ እፈር። ቆይ፣ እኔም ልመስክር።

[ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለና አንገቱን ከመኪናዋ ሥር አስገባ። ዝግታው በጠፍጣፋ መፍቻ ስቱኮውን ነቀል አደረገው። ቡና የመሰለ ውሃ ከነጭቃው ዷ ብሎ ወረደ። ነጩ ሸሚዝ ነጭ መሆኑ እዚያው አበቃ።]

ዝግታው፦ ደረቅ ነው ጋሼ?

ሁሉአወቅ፦ [ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ] ይሄ ውሃ አይደለም። ጤዛ ነው።

ዝግታው፦ የሦስት ዓመት ጤዛ።

ሁሉአወቅ፦ ሥራህን ሥራ።

[ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም ቀዳዳዎች እንዲከፍት አዘዘው፤ አነጋገሩን ለሰማ ሰው ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የእሱ ይመስል ነበር። ዝግታው በየተራ ከፈታቸው፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ በጨርቅ አደረቀ። በሽቦ ብሩሽ የተላጠውን ዝገት ሲያራግፍ ሁሉአወቅ ከበርጩማው ላይ ሆኖ ያስተምረው ነበር። ዝገት እንደ ሐሜት ነው አለው፤ ከአንድ ጥግ ይጀምርና ቤቱን ሁሉ ይበላል፤ የሚደበቀውም ሸካራ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከፊት እስከ ኋላ አንድም ሸካራ እንዳይቀር። ዝግታው የሐሜቱን ነገር በደንብ ሰማ፤ ማን ማንን እንዳማ ግን ሳይገባው ቀረ።]

ዝግታው፦ ጋሼ፣ ከፊት ቀኝ ጎማ ጋ የሆነ ነገር አለ።

ሁሉአወቅ፦ ዝገት ነው።

ዝግታው፦ ተሰልፏል።

ሁሉአወቅ፦ ማን?

ዝግታው፦ ዝገቱ። አንዱ ካንዱ እኩል ተራርቆ በመስመር ቆሟል። ዝገት ይሰለፋል እንዴ?

ሁሉአወቅ፦ የእህትህ መኪና ናት፤ ዝገቱም ሥርዓት ይዞ ይሆናል። [መነጽሩን ቤት ስለረሳው እጁን ሰዶ ዳበሰው።] ይሄማ ጎማ የወረወረው ጠጠር የነከሰው ነው።

ዝግታው፦ አንዱ አራት ቁጥርን ይመስላል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የተጣመመ ሚስማር ነገር ነው። ከዚያ ሁለት ክብ አለ።

ሁሉአወቅ፦ አስተማሪህ ዝገት ማስነበብ ጀመረች ማለት ነው? ባለፈው ሳምንት የሳሎኑን ግድግዳ ስንጥቅ «ረ» ነው ብለህ ነበር።

ዝግታው፦ ይመስል ነበር።

ሁሉአወቅ፦ ስማኝ። ነገ መርማሪው እጁን ይልካል። እጁን ሸካራ ነገር ከነካው አለቀልን። ግራይንደሩን አንሳና ፋቀው፤ እንደ መስተዋት አለስልሰው።

ዝግታው፦ ሰው በመዶሻ የጻፈው ቢሆንስ?

ሁሉአወቅ፦ ማን ነው ከመኪና ሥር ተኝቶ የሚጽፍ? ደብዳቤ ነው? ለማን የተላከ?

ዝግታው፦ እቴቴ ስትመጣ እንጠይቃት።

ሁሉአወቅ፦ እሷ የምታውቀው የላም ሆድ ነው። የመኪና ሆድ የእኔ ነው።

[ዝግታው ከሥር ወጥቶ ግራይንደሩን አነሳ።]

ዝግታው፦ ዋናው እጅ ሲነካው ሸካራ እንዳይሆን ነው?

ሁሉአወቅ፦ ዋናው እሱ ነው።

ዝግታው፦ ልስልስ ካለ ይበቃል?

ሁሉአወቅ፦ አማርኛ ነው የማወራህ።

ዝግታው፦ እሺ።

[ተመልሶ ከሥር ገባ። ግራይንደሩ ወደ ኋለኛው ጎማ አካባቢ ጮኸ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ዝግታው አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይዞ ተመለሰ። ሁሉአወቅ ሸሚዝ ሊቀይር ቤት ገብቶ ስለነበር አላየውም። ሲመለስ ፀረ ዝገቱ ተቀብቶ ነበር። ደረቅ ሲል ደግሞ ጥቁሩን ደረቡበት። በመጨረሻ ሁሉአወቅ እጁን ሰዶ ያንን የተሰለፈ ቦታ በመዳፉ አሻሸው።]

ሁሉአወቅ፦ አየህ? መስተዋት። እኔን ስትሰማ ሰው ትሆናለህ።

ዝግታው፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

[ማታ ሚስትየዋ ስትመጣ ሁሉአወቅ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ተረከላት። በትረካው ውስጥ ዝግታው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጠቀሰ፤ ቆርቆሮ ሲያቀብል። እሷም ነገ ከሰዓት በኋላ ከዳገቱ ማዶ ልትወልድ የደረሰች ጊደር እንደምትጠብቃት፣ እስከ ሰባት ሰዓት መኪናዋ ግቢ መግባት እንዳለባት ነግራው ተኛች።

በማግስቱ፣ የምርመራው ቅጥር ግቢ። መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ቁጥብ ሴት ናት። ባትሪዋን ይዛ ከመኪናዋ ሥር ባለው የምርመራ ጉድጓድ ውስጥ ገባችና ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች። ብዙ ሰው የውሃ መውጫውን እየደፈነ መኪናውን ያበሰብሳል፤ ይህን የከፈተው ብልህ ማን ነው ስትል ጥያቄዋን ሳትጨርስ ሁሉአወቅ «እኔ» አላት። ከዚያ ከጉድጓዱ ወጥታ ሊብሬውን ገለጠችና የሻንሲውን ቁጥር አሳዩኝ አለች። እሱም ሞተሩ ላይ አለ ብሎ ኮፈኑን ሊከፍት ተነሳ። እሷ ግን ያ የሞተሩ ነው አለችው። የሻንሲው ከፊት ቀኝ ጎማ አጠገብ ብረቱ ላይ የተመታ ነው፤ እሱ የተፋቀበት መኪና ደግሞ የማን እንደሆነ እስኪጣራ እዚሁ ታስሮ ይቆያል። ለማጣራት ስንት ቀን ይፈጃል ብሎ ሲጠይቃት፣ በቀን ሳይሆን በወር ጠይቁኝ አለችው። ይህን ብላ ማህተሟን ልታመጣ ወደ ቢሮዋ ሄደች።]

ሁሉአወቅ፦ [በሹክሹክታ] አንተ ሰው። ያ ትናንት የተሰለፈው ዝገት የት ጋ ነበር?

ዝግታው፦ ቀኝ ጎማ ጋ።

ሁሉአወቅ፦ የፊቱ?

ዝግታው፦ የፊቱ።

ሁሉአወቅ፦ አራት ቁጥር ይመስላል ያልከው።

ዝግታው፦ እርስዎ ጠጠር ነው ያሉት።

ሁሉአወቅ፦ እኔ ያልኩትን ተወው። ፍቀኸዋል?

ዝግታው፦ አለስልሰው አሉኝ፤ አለሰለስኩት። ዳብሰው መስተዋት ነው ብለውኛል።

[ሁሉአወቅ መኪናዋን ተደገፈ። ጊደሯ ታየችው፤ ከጊደሯ ኋላ ሚስቱ ቦርሳዋን ተሸክማ ዳገቱን በእግሯ ስትወጣ ታየችው፤ ከሚስቱ ኋላ ቁልፉ ከኪሱ ሲወጣ ታየው።]

ሁሉአወቅ፦ እህትህን ምን እላታለሁ?

ዝግታው፦ እርስዎ የሚሉት ጠፍቶብዎት ያውቃል?

ሁሉአወቅ፦ አንተ ነህ የፋቅኸው እላታለሁ። ደግሞም እጅህ ነው የፋቀው።

ዝግታው፦ እሺ፣ እንደዚያ ይበሏት። መጀመሪያ ግን አንድ ጊዜ ልግባ።

[ወደ ጉድጓዱ ወረደ። አንድ ነገር ጠ... ጠ... እያለ ሲላጥ ተሰማ። ሲመለስ ክንድ የሚያህል ጥቁር ቀለም የተቀባ ፕላስተር በሁለት ጣቱ ይዞ ነበር። መርማሪዋም ተመልሳ ወረደችና ባትሪዋን አበራች። ዝግታው ቦታውን የሞላውን ግሪስ በጨርቅ ሲጠርግላት ቁጥሩ እንደ ተመታበት ቀን ጥርት ብሎ ታየ። አራቱም፣ የተጣመመው ሚስማርም፣ ሁለቱ ክቦችም በቦታቸው ነበሩ። ከሊብሬው ጋር አመሳከረች፤ ማህተሟን አሳርፋ ወረቀቱን ለዝግታው ሰጠችው። በጨርቅ የሚጠርገው እሱ ስለነበር የመኪናዋ ባለቤት መስሏታል።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሁሉአወቅ ይነዳል፤ ዝግታው አጠገቡ ተቀምጦ ማህተሙ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ ያነባል።]

ሁሉአወቅ፦ ግሪስና ፕላስተር።

ዝግታው፦ ግሪሱ ስርጉዱን ሞላው፤ ፕላስተሩ አለሰለሰው።

ሁሉአወቅ፦ ቁጥር መሆኑን አውቀህ ነበር ማለት ነው። አውቀህ ነው ያሾፍክብኝ።

ዝግታው፦ ኧረ አላወቅኩም ጋሼ። ስላላወቅኩ እኮ ነው ያልፋቅኩት።

ሁሉአወቅ፦ ብታውቅስ ኖሮ?

ዝግታው፦ [ዓይኑን ከማህተሙ ሳያነሳ] እንደ እርስዎ ባውቅማ ኖሮ ትናንት ሙልጭ አድርጌ ፍቄው ነበር።