ከበሩ በላይ የተሰቀለው ፎቶዬ

ፎቶ ስነሳ ዓይኔ ይጨፈናል። ይህን ስለማውቅ ካሜራ ካለበት እሸሻለሁ። ታዲያ እንዴት ሆኜ ነው እዚህ ስዊድን አገር፣ ሶደርማልም የሚባለው ሰፈር እምብርት ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት በር በላይ ተሰቅዬ የከረምኩት? ቁጭ በልና ላውጋህ።

እዚያ ሱፐርማርኬት ካሸር ነኝ። ቅጥሬ ጊዜያዊ ነው። እኛ አካላ የሚባለው ሰፈር የምንኖር ሀበሾች «ፋስት» የምንለውን ቋሚ ቅጥር ስጠብቅ ፀጉሬ ሸበተ። አንድ ቀን አለቃዬ ጠራችኝና ኩባንያው ዘረኝነትን ፊት ለፊት ሊጋፈጥ እንደወሰነ ነገረችኝ። የሚጋፈጠው ፊት ግን የእኔ ሆኖ ተገኘ። እምቢ ልል ነበር። ይሉኝታ የያዘው ሀበሻ አለቃውን እምቢ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? በዚያ ላይ ፋስቷ አለች። ደስ ይለኛል አልኳት።

ተሰቀልኩ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ከሥሩ «እዚህ ሁላችንም እኩል ነን» የሚል ጽሑፍ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። አንዳንዱ ደንበኛ ሌላው ካሸር ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እኔ ጋ ይሰለፋል፤ ከጎንህ ነን ብሎ እጄን ጨብጦ ይሄዳል። ሌላው ሰልፉ ሲንቀራፈፍበት፣ የመጣሁት ልገዛ እንጂ ልሰበክ አይደለም ብሎ ወተቱን ጥሎ ይወጣል። እኔ ለሁለቱም ጎንበስ እላለሁ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ? ሣሩ እኔ ነኝ፤ ያውም ጊዜያዊ ሣር። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። ቱነልባና የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ስሳፈር ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አወርድ ጀመር።

አንድ ጠዋት የፎቶዬ ጥግ ላይ ቀለም ተረጭቶ ተገኘ። ደጋጎቹ ስዊድኖች አዘኑ። ሲያዝኑ ልማዳቸው ነውና አበባና ሻማ አምጥተው ከበሩ ሥር ደረደሩ።

እማማ አስካለ ጎረቤታችን ናቸው። ስዊድንኛ ማንበብ አይሆንላቸውም። በዚያ ሲያልፉ ምን አዩ? ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ አበባ፣ የሚነድ ሻማ። እንዲህ ያለ ፎቶ እኛ ዘንድ መቼ እንደሚወጣ አንተም ታውቃለህ። እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ስልኬን እዘጋለሁ። ቤቴ ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል፤ ባለቤቴ ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች።

እማማ አስካለ ግን ብዙም አልደነገጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «እንዲያ አድርገው ሰቅለውህ ሻማ ካበሩልህማ፣ በደህናም አይደል» አሉኝ። ለለቅሶ ያመጡትን ወጥ ሁላችንም በላነው።

ብዙ ሳይቆይ ፎቶዬ ወረደ። ማን እንዳወረደው የነገረኝ የለም። በቦታው የድንች ፎቶ ወጣ። ድንቹን የደገፈም የተቃወመም አላየሁም።

አለቃዬ እንደገና ጠራችኝ። ፋስት ሆነሃል አለችኝ፤ አመስግኜ ሳልጨርስ፣ ለደህንነትህ ሲባል ከነገ ጀምሮ ሥራህ ታች መጋዘን ነው አለች። አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ።

አሁን ከምድር በታች ነኝ። መስኮት የለም፤ ደንበኛ አያየኝም፤ ድንች እደረድራለሁ። እማማ አስካለ ይህን ሲሰሙ ደወሉልኝ።

«ታዲያ እኔ ምን ተሳሳትኩ?» አሉኝ። «ቀድሜ አለቀስኩ እንጂ።»