የአቶ ባዩ የአየርላንድ ግንብ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የማያልቅ ተረት ያለው አንድ ሰው አይጠፋም። የኦክላንዱ ክቡር አቶ ባዩ ግን ከሌሎቹ ይለያሉ፤ ተረታቸው የአገራቸው አይደለም። እግራቸው ረግጦት ስለማያውቀው ስለ አንድ የአየርላንድ ግንብ ነው።

ነገሩ የመጣው በሥራ ነው። አቶ ባዩ አረጋውያንን በቫን ሐኪም ቤት ያመላልሳሉ። ከነሱ አንዷ፣ አልባኒ የሚኖሩት አየርላንዳዊቷ ወይዘሮ ኖራ፣ ፍሪዌይ ላይ ትራፊክ በያዛቸው ቁጥር ስለ መንደራቸው ግንብና ስለ ባለርስቶቹ፣ በተለይም ጎጆዋን ያፈረሰባትን የግንቡን ጌታ ስለረገመች አንዲት መበለት ያወሩላቸዋል። አቶ ባዩ ራሳቸው የጭሰኛ ልጅ ናቸውና ነገሩ ሆዳቸው ገባ።

ከዚያ ወዲህ የሚያስቆማቸው ጠፋ። ሳን ሆዜ ሰርግ ተጠርተው፣ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ በእሳቸው ጠረጴዛ ዙሪያ የግንቡ ጌታ ገና ገበሬውን ያስገብር ነበር። ልቅሶ ቤት ሄደው፣ ሐዘንተኛው ሟቹን ትቶ ጎጆዋ ለፈረሰባት መበለት ከንፈሩን መጠጠ። አቶ ባዩ ደግሞ አብረው የተፈናቀሉ ይመስል "እኛ ጭሰኞቹ" ይላሉ። "ባለርስትን በየአገሩ የወለደችው አንዲት እናት ናት።" ልጃቸው ሳሌም "አባዬ ፕሊስ፣ እንሂድ" እያለች ክንዳቸውን ይዞ ወደ መኪና መጎተት ሥራዋ ሆነ።

በ2012 ወይዘሮ ኖራን ስትሮክ መታቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቃል ግን እንደ ልብ አልመጣላቸው አለ። በልደታቸው ቀን አቶ ባዩ ከነልጃቸው ተጠሩ። ዘመድ አዝማዱ ወይዘሮ ኖራን የግንቡን ተረት እስቲ አንዴ ብሎ ሲለምናቸው ጀመሩ፤ መበለቲቱ ከቤቷ ስትባረር ላይ ሲደርሱ ምላሳቸው ተያዘ። ኖራ የአቶ ባዩን እጅ ያዙና በአገጫቸው ጠቆሟቸው፤ ቀጥል ማለታቸው ነበር።

ሳሌም መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አባቷ ተነሱ፤ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ጎጆዋን አፈረሱ፤ መበለቲቱንም ከግንቡ ደጃፍ አቆሙ። እርግማኑ ላይ ግን እንግሊዝኛው አልበቃቸውም። ለጌታው በአማርኛ ነገሩት።

"ግንብህን ቁራ ይውረሰው። ምድጃህ ጭስ አይይ፤ ከአብራክህም ስምህን የሚያስጠራ አይውጣ።"

የሳቀ የለም። ያኔ ወይዘሮ ኖራ፣ የያዙትን እጅ ሳይለቁ፣ በአየርላንድኛ አንዳች ነገር ያለ አንድ መሰናክል አወረዱት። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሲናገሩ የሰማቸው አልነበረም።

"እርግማኑ ነው" አሉ ታናሽ ወንድማቸው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እናታችን ስትለው ልክ እንዲህ ነበር።"

አንዷ ዘመድ ወደ ሳሌም ጠጋ ብላ እኚህ ሰው ማን ናቸው ስትል ጠየቀቻት።

"አባቴ ናቸው" አለች ሳሌም፣ ያልጠየቀውም እንዲሰማ ጮክ ብላ። ከዚያ ኮቷን አወለቀችና ተደላድላ ተቀመጠች። "ወንበር ስጧቸው፤ ገና የጌታው ልጆች ጋ አልደረሱም።"