አጉራሾች

አጉራሽ የሚባለውን ሰው ታውቁታላችሁ? «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ሦስት የሚደግም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እህል አንቀምስም ያሉትን ሁለት ልጆቹን ይዤ ቦሌ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ወደተዘጋጀ የምግብ ባዛር ሄድኩ።

የመጀመሪያዋ ሻጭ፣ «አባታቸው የት ነው?» አለችኝ። እኔ ስንተባተብ ትንሿ፣ «ሞቷል» አለች።

ወዲያው የዶሮ ወጥ ጉርሻ አፏ ውስጥ ገባ። አላመጠች፤ ዋጠች፤ ነገሩም ገባት። ወንድሟን አስከትላ ከድንኳን ድንኳን እየዞረች፣ «አባታችን ሞቷል!» ትል ጀመር። ቆጮው፣ ሳምቡሳው፣ ጨጨብሳው ዘነበላቸው። እኔ በሐፍረት ቀለጥኩ። ግን እንዴት ልከልክል? እየበሉ እኮ ነው!

በመጨረሻ ክትፎ የሚሸጡት እናት፣ «አንተስ ልጄ?» አሉኝ።

«በልቻለሁ፣ እማማ።»

ትንሿ ቀሚሳቸውን ጎተተች። «ውሸቱን ነው። እሱም ወንድሙ ሞቶበታል።»

ምን ልበል? አፌን ከፈትኩ።